በአንድ ቢሮ ሁለት የቀን መቁጠሪያ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬን አገኘሁት። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ዘሃራ ለየወረዳው ሬጅስትራሮች ሥልጠና ልትሰጥ ነው፤ በቀጠሮ አያያዝ ላይ» አለኝ።

«እሰይ፣ ይገባታል» አልኩት።

ከዚያ ወደ ቤቴ በእግሬ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሥልጠናውን በሐሳቤ እኔው ስሰጥ ነበር። ልጆቼን ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ሥራዬን አስረክቤ፣ ዛሬም አብራኝ በሠራችው በዘሃራ እቀናለሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ ልጆቼ ሲወተውቱኝ ቆይተዋል። እሺ ብዬ ስቀመጥ፣ ይህን ቅናት ትቼ የምጽፈው ነገር ሁሉ ውሸት ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ከነቅናቴ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አማኑኤል ከተማ ነው፤ በታይፕ ጸሐፊነት። እዚያ ብዙም አልቆየሁም። ወደ ይጁቤ ተዛውሬ ፍርድ ቤት ገባሁና ሬጅስትራር ከሆኑት ከአቶ አድማሱ ሥር ተመደብኩ። አቶ አድማሱ በልጅነታቸው ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የዘመን አቆጣጠር የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ሁሉም የሚጠራቸው የኔታ እያለ ነው። ቀጠሮ መስጠትን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ቀጠሮ መስጠት ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ዳኛው ቀን ይቆርጣል፣ ሬጅስትራሩ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፣ ባለጉዳዩ ይዞ ይሄዳል። የኔታ ግን እንደዚያ አያደርጉም። መጀመሪያ የዕለቱን ስም ይጽፋሉ፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብለው። ቀጥለው ቀኑን በቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ ዕለቱና ቁጥሩ መስማማታቸውን ያያሉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን አይሰጡም፤ ባለጉዳዩን ይጠይቃሉ። ገበሬ ከሆነ በበዓል፣ ነጋዴ ከሆነ በገበያ፣ ሙስሊም ከሆነ በጁምዓ።

«የዚህ ወር ሚካኤል መቼ ይውላል?»

«ሐሙስ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንተ የምትመጣው?»

«ሚካኤል ካለፈ በአራተኛው ቀን። ሰኞ።»

ሰውየው በገዛ አፉ ሳይናገር ወረቀቱ ከየኔታ እጅ አይወጣም። ወረፋው በር ድረስ ቢሰለፍም ያው ነው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በእሳቸው ስህተት ቀጠሮው ያለፈበት ሰው አላየሁም።

በጣታቸው የሚቆጥሩትን ቁጥር ግን አላስተማሩኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ አውራ ጣታቸውን በዓይኔ እከተል ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው ጠርተው ያሳዩኛል፣ ገና አልበቃሁም ማለት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሳያሳዩኝ ጡረታ ወጡና ማርቆስ ገቡ። እኔ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። የዚያችን ከተማ ስም አልጽፍም፤ ከዚህ በታች የምናገረው ጥፋት የእኔ እንጂ የፍርድ ቤቱ አይደለም።

በዚያች ከተማ የቀጠሮ ጠረጴዛ የእኔ ነበር። መዝገብ ማን ወሰደ፣ ማን መቼ ይቀርባል፣ የትኛው ቀጠሮ ተሻገረ፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። ሌሎቹ ሠራተኞች አጀንዳዬን «የይርጋ መጽሐፍ» ይሉት ነበር። ዘሃራ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የይጁቤ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። ዝም ያለች፣ የማታውቀውን ነገር «አላውቀውም» ለማለት የማታፍር ሴት ናት። ይህ ጠባይዋ ገና ከመጀመሪያው አናደደኝ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ኮምፒውተሮች በስጦታ መጡልን። አንዱ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ እሷ ጋ ተቀመጠ። የተጫነባቸው ሰው ሁሉ የለመደው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለው ነበር። መስኮቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይደራረባሉ፤ እንደ ሌላው ነው። ነገር ግን ሌላው ቤት የሚሠራው ፕሮግራም እኛ ጋ ሲመጣ አይከፈትም።

ዳኛ ከፍያለው ሁለታችንንም ጠሩን። «አንድ ነገር ፈልጉልኝ» አሉ። «ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የዕለቱን ቀጠሮ ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ የሚደውል። እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም።»

ቀጠሮ የእኔ ሥራ ሆኖ ሳለ ለምን ሁለታችንን? ይህን በልቤ ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን የጀመረው ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀ። ቢሯችን ኢንተርኔት ስላልነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ ማርቆስ እሄዳለሁ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ እፈልጋለሁ፣ ያገኘሁትን በፍላሽ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ዘወር ስል ዘሃራ ከኋላዬ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሰላም ተባባልን። እኔ ስክሪኔን በትከሻዬ ከለልኩ። እሷ ግን ወንበሯን አዙራ፣ «ጋሽ ይርጋ፣ ይሄኛውን ሞክረውታል? ሌላ መስኮት ሲከፈትበት ይጠፋል» አለችኝ። እኔ ሞክሬው ነበር፤ እኔም ጋ ጠፍቶብኛል። «አልሞከርኩትም» አልኳት።

የእሷ ፍለጋ እንዲህ ነበር፤ አንዱን ታመጣለች፣ ትጭናለች፣ ጉድለቱን በደብተር ትጽፋለች። አንደኛው ሰዓት ብቻ ነው፤ ቀን የለውም። ሌላው ቀን አለው፤ ግን የእኛን አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ሌላው ይደውላል፤ ሲደውል ግን ማጥፊያው አይገኝም። በመጨረሻ አንድ አገኘች። ከመስኮቶቹ ሁሉ ሥር ዴስክቶፑ ላይ ተነጥፎ የሚቀመጥ፣ የሌላ አገር አቆጣጠር እንዲጨመርበት የሚፈቅድ ነበር። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ፈልጋ ጨመረችበት። የወሮቹን ስም ከመስከረም እስከ ጳጉሜ በአማርኛ አንድ በአንድ ጻፈችው።

እኔም የራሴን አግኝቻለሁ። መልከ መልካም ነበር። ወርቅ በሚመስሉ እጆች የሚሄድ ትልቅ ሰዓት፣ ከሥሩ የወሩ ሰሌዳ። ጉድለቱ የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ማወቁ ነበር። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ሠርቼ ስክሪኑ ጎን ለጠፍኩ። ፕሮግራሙ ያለ እኔ ሰንጠረዥ አይሠራም፤ እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ለዳኛው ያሳየንበት ቀን፣ ዘሃራ ደወሉን ለሦስት ሰዓት ሞልታው ነበር። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት የሚለው የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ነውና ጠዋት ዝም ብሎ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ችሎት ላይ ዳኛው ብይን እያነበቡ ሳለ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከሁሉ በላይ ሳቅኩ። ዘሃራ አልተደናገጠችም፤ አጠፋችውና፣ «ስድስት ሰዓት ማካካስ ረስቼ ነው» ብላ በማግስቱ አስተካክላ መጣች።

ዳኛው የእኔን አይተው፣ «ጳጉሜ የት አለ?» አሉኝ። ወደ ሰንጠረዡ አመለከትኩ። «እርስዎ የቀሩ ዕለትስ?» አሉኝ።  በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ የዘሃራ እንዲጫን አዘዙ።

ይህን ሁሉ ምናልባት በቻልኩት ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። በዚያው ሰሞን የኔታ ለጉዳይ መጥተው ቢሯችን ጎራ አሉ። እኔን ሰላም ብለው ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ዘሃራ ጋ ሄዱ። የአቆጣጠሯን ትክክለኛነት እንዲፈትሹላት ጠይቃቸው ኖሯል። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ሲያስኬዱ አየሁ። እሷም የራሷን እጅ ዘርግታ ትከተላቸዋለች። ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰጧት። እኔ መዝገብ ያገላበጥኩ መስዬ አንዲት ገጽ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ።

በማግስቱ ማንም ሳያየኝ ዘሃራ በእኔ ኮምፒውተር ላይ የጫነችውን ዘጋሁና የራሴን መለስኩ።

ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከፊቱ ያለፈው ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበር ከፈረንጆቹ ቀን ጋር ሳመሳክር በየወሩ አንድ ቀን መጨመር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሰንጠረዡንም በዚያው ልክ ሠርቼዋለሁ። እስከ የካቲት አንድም ስህተት አልነበረውም። የካቲት ላይ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ ባለጉዳይ መጡ። ከዲማ ወዲህ ካለ ቀበሌ የሚመጡ፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። የባላቸው ወንድም ማሳቸውን ይዞባቸው ከሳሽ ነበሩ። ዳኛው ለመጋቢት ሃያ ሦስት ቀጠሯቸው። ከየካቲት ባሻገር በዚያ ሰንጠረዥ የሰጠሁት የመጀመሪያው ቀጠሮ ይህ ነበር።

ሰንጠረዤን አየሁ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ «ማክሰኞ መጋቢት 23» ብዬ ጻፍኩ።

«ማክሰኞ ይመጣሉ፣ እናቴ» አልኳቸው።

ወይዘሮ አትጠገብ ትንሽ አሰቡ። «መጋቢት ጊዮርጊስ ሰኞ አይውልም እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ማክሰኞ ነው የሚለው።»

«እኔስ ሰኞ መስሎኝ። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ጌታዬ» ብለው ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ።

የኔታ ቢሆኑ ያ ጥያቄ ከአፋቸው ሲወጣ ብዕራቸውን ያስቀምጡ ነበር። እኔ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራሁ።

መጋቢት ሃያ ሦስት ሰኞ ዋለ። መዝገቡ ተጠራ፣ ከሳሽ አልቀረቡም፣ ተከሳሹ ቆሟል። ዳኛው መዝገቡን ዘጉት። እኔ በዚያ ሰዓት ዕቃ ቤት ነበርኩ። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት ወይዘሮ አትጠገብ አቧራ ለብሰው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አውጥተው ለዳኛው ሰጡ።

ዳኛው ሁለታችንንም ባለጉዳይ በተሰበሰበበት ጠሩን። «ይህ ማክሰኞ ከየት መጣ?» አሉ።

«ከኮምፒውተሩ ነው ያየሁት» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። የማን ፕሮግራም እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ዳኛው ወደ ዘሃራ ዞሩ። «ያመጣሽው ነገር ይሄው ነው?»

«እኔ ጋ ያለው ሰኞ ነው የሚለው» አለች።

«አንዱ ጋ ሰኞ፣ አንዱ ጋ ማክሰኞ የሚል ከሆነ ምን ያደርግልናል? የሰው መብት መጫወቻ አይደለም። ዛሬውኑ አጥፊው።»

ዘሃራ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ያን ጊዜ የተሰማኝን መደበቅ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ፍርሃት ተሰማኝ፤ ከፍርሃቱ ጋር ደግሞ ደስታ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁለት ሳምንት ከዘመኔ ሁሉ የከፋው ነው። እኔ ጋ ያለውን እኔው አጠፋዋለሁ አልኳት፤ ዘሃራ የእሷን ካጠፋች በኋላ ስህተቱን መፈለግ ጀመረች። እኔ ኮምፒውተር ላይ የተሳሳተው የእሷ ፕሮግራም መስሏታል። ምሳ ሰዓቷን ትታ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ እጇን ዘርግታ በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሰኞ ይወጣል። ደግማ ትቆጥራለች፤ ሰኞ። «ጋሽ ይርጋ፣ ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ሌላ ያዩት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። በሌለ ስህተት ስትደክም እያየሁ እንኳ፣ ያ ጣቷ በአንጓዎቿ ላይ ሲሄድ ሳየው እቀና ነበር።

በመጨረሻ የኔታ ልከው አስጠሩኝ። ለካ ዘሃራ ማርቆስ ሄዳ ነገሩን አማክራቸው ኖሯል። ቤታቸው በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«መጋቢት ሃያ ሦስት ማክሰኞ ነው ያለህ ማነው?»

«ኮምፒውተሩ ነው፣ የኔታ።»

«ኮምፒውተሩ አንተ የነገርከውን ነው የሚመልሰው። ምን ብለህ ነገርከው?»

 እሳቸው ቢሯችን በመጡ ጊዜ ስክሪኔ ጎን ያዩትን ሰንጠረዥ አስታውሰው፣ «ስድስተኛዋን ጳጉሜ ቆጥረህ አንድ ቀን ጨምረሃል። ፈረንጆቹም በየካቲታችን ላይ አንድ ቀን ጨምረው እኩል እንደሚሆኑ ረስተሃል። ከመጋቢት ጀምሮ ጭማሪው ይቀራል። የልጅቱ ፕሮግራም ይህን ያውቃል፤ አይቼዋለሁ። ይህ ያንተ ስህተት ነው» አሉኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ። መዝጋቴን፣ መደበቄን፣ ዝም ማለቴን። ከዚያ በሽምግልናዬ እንደ ሕፃን፣ «ለእኔ በሰባት ዓመት ያላሳዩኝን ለእሷ በአንድ ቀን አሳዩአት» አልኳቸው።

የኔታ ገርሟቸው ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ እኮ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉ። «ታውቀዋለህ ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ዓይንህ እጄ ላይ ነው፤ ይዞታል ብዬ ተውኩህ። እሷ አላውቅም አለችኝ፣ አሳየኋት።»

ሌላ ወቀሳ አልጨመሩም። ስነሳ ግን፣ «ሴትዮዋ ዘንድ ሄደሃል?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። መኪናው ከሚያቆምበት ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ነው። ወይዘሮ አትጠገብን ያገኘኋቸው ደጃቸው ላይ ገብስ ሲያበጥሩ ነው። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ መዝገባቸው እንዲከፈት ማመልከቻውን ራሴ እንደምጽፍላቸው ነገርኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ሰኞ ነው ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል።»

«ያቺ የተቆጧት ሴትዮስ? አንገቷን ደፍታ የወጣችው?»

«እሷ ጥፋት የለባትም።»

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?» አሉና ሰፌዳቸውን አነሱ።

ሰኞ ጠዋት ዘሃራን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም። ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን ድካም ነበር፤ ያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቆጠረችው ቁጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያደከማት ይመስል ነበር።

«እኔ የተወቀስኩት በሰው ፊት ነው፣ ጋሽ ይርጋ» አለች። «እርስዎም በሰው ፊት ይናገሩ።»

ያን ሳምንት ዓርብ የሠራተኛ ስብሰባ ነበር። እጄን አውጥቼ ተነሳሁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።  ዳኛ ከፍያለው አዳምጠው፣ ዘሃራን እዚያው በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋት። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ከቀጠሮ ጠረጴዛ ተነስቼ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። የቀጠሮውን ጠረጴዛ እሷ ተረከበች።

የወይዘሮ አትጠገብ መዝገብ ተከፈተ። እስኪከፈት ግን ክረምት ገባ፤ የባላቸው ወንድም ማሳውን አርሶ ጤፍ ዘራበት። በተከታዩ ዓመት ተፈረደላቸው፤ ማሳቸውን አገኙ። የዚያ ዓመት እህል ግን ቀረባቸው። ፍርዱ የተነበበ ዕለት በመዝገብ ቤቱ መስኮት ሲያልፉ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ።

መዝገብ ቤት ሦስት ዓመት ቆየሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ፣ ወረቀት ወረቀት የሚሸት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣራ የደረሰ መደርደሪያ፣ እኔ። ግድግዳው ስስ ስለነበር የዘሃራ ድምፅ ይሰማኛል። «በእርስዎ አቆጣጠር መቼ ይሆናል?» ስትል፣ ባለጉዳዩ ሲመልስ። ሥራዋን በደንብ ትሠራ ነበር፤ እኔ ከሠራሁት የተሻለ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያው መካከል የኔታ አረፉ፤ ለቀብራቸው ዘሃራም መጥታ ነበር፤ የእሳቸው ልጆች ከእኔ ይልቅ እሷን በስም ያውቋታል። ከለቅሶው ስመለስ ያንኑ አስብ ነበር፤ ሟቹን አልነበረም።

የጡረታዬ ዕለት በመሰብሰቢያው አዳራሽ ሽኝት ተደረገልኝ። አምባሻ ተቆርሷል፣ ለስላሳ ቀርቧል፣ ጥቂት ሰዎች ተናገሩ። ያን ጊዜ ዘሃራ የክፍሉ ኃላፊ ሆና ስለነበር የመጨረሻው ንግግር የእሷ ነበር። ስትነሳ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሁሉም ያንን ዓርብ እያስታወሰ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ብትናገረው መብቷ ነው፤ ባትናገረውም ጫፍ ነክታ፣ ይቅር እንዳለችኝ የሚያሳብቅ አንዲት ቃል ጣል አድርጋ ማለፍ ትችላለች።

«ጋሽ ይርጋ መዝገብ ቤቱን ሲረከቡ አንድ መዝገብ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር» አለች። «ዛሬ ማንኛችንም ገብተን ወዲያው እናገኛለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ነው ያደራጁት። ከእንግዲህ እንደዚህ ያለ ሰው እስክናገኝ እንቸገራለን። ጤና ይስጥልን።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ወደ እኔም አላየችም። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። በእሷ ቦታ ቆሜ፣ ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን ሰጥቶኝ፣ አንዲት ቃል ሳልወረውር መቀመጥ አልችልም። እሷ ቻለችው፤ ቀላል ነገር አስመስላ። ጭብጨባው ሳያበቃ እዚያው ወንበሬ ላይ እንዳለሁ፣ በዚህም ቀናሁባት።